የሌለችው «ታ»

«ማ... ሳ... ወ... ቂ... ያ።»

አሰበች ስልኩን እስከ አፉ የሞላ ሳህን እንደያዘ ሰው በሁለት እጇ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ከመጋዘን መመለሷ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰሊጥ ስታበጥር ስለዋለች ቅንድቧ አቧራ ለብሷል። ልጇ ሰገነት ግቢው ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጢጥ ብላ ድስት ታጥባለች፤ እስከ ክርኗ አረፋ ነው።

«ማስታወቂያ ነው የሚለው፣ እማ» አለች ሰገነት ቀና ሳትል። «'ታ'ን ዋጥሻት።»

«'ታ'ን?»

«ማ፣ ስ፣ ታ፣ ወቂያ። ማስታወቂያ። ፊደል ስዘል ንገሪኝ ብለሽኝ የለ? ይኸው ዘለልሽ።»

አሰበች ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፤ መልሳ አራቀችው። ከንፈሯ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። «እኔ እንጃ፣ ልጄ። 'ታ' እኮ የለችም። እስኪ አንቺ እይልኝ።»

«እጄ ሳሙና ነው፣ እማ! አለች። አላየሻትም እንጂ አለች። ዝም ብለሽ ዝጊው።»

አሰበች እንደገና አየች። ተማሪዋ ሰገነት ናት፤ ስምንተኛ ክፍል። አሰበች ፊደል የያዘችው ገና ከጥቅምት ወዲህ ነው። ቆይታ፣ ቆይታ፣ «እ... አዎ» አለች። «አሁን አየኋት። አለች ለካ።»

«አላልኩሽም?»

«ከሥሩ ብዙ ተደርድሯል። ሁሉንም ልዝጋው?»

«ሁሉንም! የሚጮኸውን ሁሉ ድራሹን አጥፊልኝ» አለች ሰገነት እየሳቀች። እናቷም ሳቀች። ከዚያ አውራ ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ፣ መስታወቱ ላይ የበሩትን አረንጓዴ ምልክቶች አንድ በአንድ እየነካች አጠፋቻቸው።

ነገሩን ያመጣው የሂሳብ ፈተና ነው። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አሥር ቀን ቀርቶታል። ክፍል ውስጥ ሰባ ተማሪ ተፋፍጎ ስለሚቀመጥ የመምህሩ ድምፅ ወደ ኋላ ወንበር ሲደርስ ግማሹ በመንገድ ቀርቶ ነው። ዩቲዩብ ላይ ግን አንድ ረጋ ያለ መምህር አለ፤ ያልገባን ነገር ደጋግሞ ያስረዳል፣ አይቆጣም። ችግሩ ማስታወቂያው ነው። ስልኩ ከሱዳን የመጣ ስለሆነ ይሁን በሌላ፣ ማስታወቂያው ሁሉ በዓረብኛ ነው። መምህሩ «እንግዲህ ኤክስ እኩል ይሆናል...» ሲል ፊቷን ክሬም የምትቀባ ሴትዮ ብቅ ትላለች። እሷ ስትሄድ የሻይ ቅጠል የሚያሸት ባለጥምጣም ይመጣል። ኤክስ ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ ካርዱ ያልቃል።

«ሴቲንግ ግቢና ማስታወቂያውን ዝጊዋ!» ብላት ነበር የክፍል ጓደኛዋ ውቢት። «አንቺ ደግሞ ምን አይነት ፋራ ነሽ!»

ሴቲንጉ በአማርኛ ነው። በአማርኛ ይሁን ያለችው አሰበች ናት። የጎልማሶች መምህሩ ደሴ «ያገኛችሁትን ጽሑፍ ሁሉ አንብቡ» ስላላቸው፣ የሱቅ በር ላይ የተጻፈውን ታነባለች፤ የማዳበሪያ ጆንያ ታነባለች፤ ባጃጅ ካለፈ በኋላ ጀርባው ላይ ያለውን ጨርሳ ሳታነብ መራቁ ይቆጫታል። ቅዳሜ ከሰዓት ሰገነት ስለ ማስታወቂያው ስታማርር ሰምታ፣ «ድስቱን አትተይው፤ እኔ ላንብብልሽ» ያለችው ራሷ ናት። ለልጇ አንብባላት አታውቅም ነበር።

ስልኩን ከገዳሪፍ የላከችው ጸዳለ ናት፤ የአሰበች ታላቅ እህት። አሰበች ከእሷ በቀር እናት አታውቅም። ልጅ ሆና እናታቸው ሲሞቱ አዝላ ያሳደገቻት፣ ድራ የኳለቻት ጸዳለ ናት። «እታለም» ነው የምትላት። ጸዳለ ድንበሩን ተሻግራ ገዳሪፍ ሻይ መሸጥ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በየዓርቡ፣ ሥራ በሌለበት ቀን፣ በኢሞ ትደውላለች። አሰበች የምታውቀው ስልክ ሲጮህ አረንጓዴውን መንካት ብቻ ነው፤ ሌላውን ሰገነት ታሳያታለች።

«አንቺ ተማሪ! ዛሬስ ምን ያዝሽ?» ትላለች ጸዳለ፣ ፊቷ መስታወቱን ሞልቶ። አሰበች ደብተሯን ገልጣ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ ታነብላታለች። ጸዳለ ራሷ ፊደል አትለይም። ሲያልቅ ወደ ጎን ዞር ብላ የሻይ ቤት ጓደኛዋን ትጣራለች። «ኩብራ! ነዪ ስሚ! እህቴ ዶክተር ልትሆን ነው!»

ቅዳሜ ማታ ባለ ክሬሟ ሴትዮ ተመልሳ መጣች። ባለጥምጣሙም መጣ። ሰገነት ተናደደች፤ ሰኞ ለውቢት ነገረቻት።

«እንዴት አይጠፋም? ቆይ፣ ተይው እሱን» አለች ውቢት። የራሷን ስልክ አውጥታ፣ ያለ ምንም ማስታወቂያ ቪዲዮ የሚያሳይ አፕ ላከችላት። «እሱን ጫኚና ተገላገይ።»

ይህኛው ሠራ። መምህሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንም ሳያቋርጠው አስረዳ። ሰገነት ሦስት ምዕራፍ በሁለት ቀን ጨረሰች። ስልኩም እንዴት ዝም አለ! ድሮ ጥያቄ ስትሠራ ቲክ፣ ቲክ ይልባት የነበረው ሁሉ ጠፋ። ቅዳሜ የዘጉትን መልሶ መክፈት ግን እሷም እናቷም ትዝ አላላቸውም።

ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ አሰበች ደብተሯን ይዛ በሩ ላይ ተቀመጠች። «ዶ... ሮ... ዋ... እን... ቁ... ላል...»

«እማ፣ ቀስ በይ፤ አልሰማም» አለች ሰገነት። ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ቪዲዮ ታያለች።

«ይሁን።» አሰበች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለዓርብ ነው። ለእታለም ሳልደናቀፍ ላነብላት ነው።»

ዓርብ ግን ሌላ ሆኖ ነጋ።

ጎህ ሲቀድ ሰገነትን የቀሰቀሳት የብዙ ሰው እግር ነው። ማንም አይናገርም፤ ኮቴው ብቻ ይሰማል። እናቷ ቀድማ ነቅታ መሐል ቤት ቆማ ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት፣ እንዲህ ዝም ብሎ ወደ ሰው ቤት የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁለቱም ያውቃሉ። ሰገነት አባቷ መጣባት። አባቷ እንግዳው ትራክተር ነጂ ነው፤ ያን ሰሞን አብደራፊ እርሻ ላይ ነበር። ባለፈው ዓመት እዚያ አንድ ትራክተር ተገልብጧል።

በሩ ሲከፈት ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አደግድገው ቆመዋል። ከኋላቸው ከመጋዘን የሚያውቋቸው ሴቶች።

«እንግዳው!» ብላ ጮኸች አሰበች። «እንግዳውን ምን አደረጋችሁት?»

«እንግዳው ደህና ነው» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ አዱኛ። በድንበሩ ከተማ በገላባት በኩል ዕቃ የሚያመላልሱ ነጋዴ ናቸው። «እንግዳው ደህና ነው፣ ልጄ። ጸዳለ ናት። ጽኚ። ትናንት ጠዋት አረፈች፤ እዚያው ገዳሪፍ አፈር አለበስናት።»

አሰበች ወዲያው አልጮኸችም። የሰማችውን ፊደል በፊደል የምትለቅም ይመስል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ራሷን ወደ መሬት ወረወረች፤ ሴቶቹ ደርሰው ያዟት።

ፀሐይ ሲወጣ ግቢው በሰው ሞላ። ሸራ ተወጠረ። አሰበች ድምፅዋ ተዘግቶ፣ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች። «ሳትታመም? አንድ ቀን እንኳ ሳትነግረኝ?»

አቶ አዱኛ አንገታቸውን ደፉ። «ሦስት ቀን ታማለች። ሲደውሉልሽ ነበር አሉኝ። ሌት ተቀን በኢሞ ሲደውሉ ነበር። አታነሳም አሉ።»



ስልክ ጠጋኙ ወንድዬ ጎረቤታቸው ነው፤ ለቅሶ ተቀምጧል። ስልኩን ሰጡት። ኢሞን ሲከፍተው ቀዩ ምልክት ከላይ እስከ ታች ወረደ። ያልተነሳ ጥሪ፣ ያልተነሳ ጥሪ፣ ያልተነሳ ጥሪ። በመሐሉ የድምፅ መልእክቶች። ሰገነት ከትከሻው በላይ ሆና አየች። ማክሰኞ ጠዋት። ማክሰኞ ከሰዓት። ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት።

ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ስልኩ እሷ ጉልበት ላይ ነበር።

ወንድዬ ሴቲንግ ውስጥ ገባ። «ማሳወቂያው ተዘግቷል» አለ። «ሁሉም ተዘግቷል። ማን ነው የዘጋው?»

«እኔ ነኝ» አለች አሰበች። «ማስታወቂያ መስሎኝ። ልጄን እያቋረጠ ሲያስቸግራት...»

«እትዬ አሰበች፣ ይሄ ማሳወቂያ ነው እኮ፤ ማስታወቂያ አይደለም። ሰው ሲደውል፣ መልእክት ሲመጣ የሚያሳውቅዎት እሱ ነው። ማስታወቂያ ሌላ ነው።»

«ፊደል እዘላለሁ» አለች አሰበች፤ ለወንድዬ ሳይሆን ለመሬቱ የምትናገር ትመስላለች። «ልጄ ነግራኛለች። እዘላለሁ። አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ።»

ሰገነት ስልኩን አየች። ቃሉ ከላይ በትልቁ ተጽፏል። ማ፣ ሳ፣ ወ፣ ቂ፣ ያ። «ታ» የለችም። ቅዳሜም አልነበረችም። እናቷ ልክ እንደተጻፈው፣ አንድም ሳትስት ነበር ያነበበችው። ሰገነት አፏን ልትከፍት ስትል አንዲት ሴትዮ እየጮኸች ገባች፤ ሁሉም ተነሥቶ አብሯት አለቀሰ። አፍታው እንዲህ አለፈ።

ሴቶቹ «ተይ ይቅርብሽ» ቢሏትም አሰበች ድምፁን ካልሰማሁ አለች። ወንድዬ አንዱን ከፈተላት።

«አሰቡ፣ እኔ ነኝ። ደወልሁ፣ አላነሳሽም። ሥራ ላይ ነሽ መሰለኝ። ትንሽ አሞኛል። ወባ ነው አሉኝ፤ እኔ እንጃ። እንዲያው... ዓይንሽን ባየው ደስ ይለኛል። ከቻልሽ ነገ በገላባት ብቅ በይ፤ ሰው እልክልሻለሁ። ካልቻልሽም አትጨነቂ፣ እሺ? ልጅቷን ሳሚልኝ።»

ከሚኖሩበት ከገንዳ ውሃ ገላባት የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ከገላባት ገዳሪፍ ለግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም። እዚያ ግቢ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ማንም አልተናገረውም።

ከዚያ ቀን በኋላ ለቅሶ ሊደርስ በመጣው ሰው ሁሉ ፊት አሰበች ያንኑ ትናዘዛለች። ከመጋዘን የሚመጡት ሴቶች፣ የቀበሌው ሰዎች፣ ለአጨዳ ከደጋ መጥተው ቆላው ላይ የቀሩ ሳሉግ የሚባሉት የቀን ሠራተኞች ሳይቀሩ ሰሙት። ደረቷን እየደቃች በሙሾ ታወርደዋለች።

«ፊደል ቆጠርሁ ብዬ በር ዘጋሁብሽ፣
እታለም ስትጠሪኝ ደንቆሮ ሆንሁብሽ።»

ሰገነት ይህን በሰማች ቁጥር ውሃ ቅጂ ሳይሏት ጀሪካን አንሥታ ትወጣለች።

ፈተናውን ማክሰኞ ተፈተነች። ኤክስን የሚጠይቀውን ሁሉ ሠራች። ስትወጣ ውቢት በር ላይ ጠበቀቻት፤ አብረው ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተቀመጡ። ሰገነት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ነገረች። ስለ ድስቱ፣ ስለ ሳሙናው፣ «አለች» ስላለችው።

ውቢት መሬቱን በእንጨት ጫረች። «የነካሽው አንቺ አይደለሽም» አለች። «እሷ ራሷ ናት የዘጋችው።»

«እይልኝ ብላኝ ነበር እኮ።»

«ታዲያ አሁን ብትነግሪያት ምን ሊሆን? አክስትሽ ትነሣለች? እናትሽ ዝም ብላ ሌላ ሐዘን ነው የምትጨምር። ማንም አያውቅም። ወንድዬ እንኳ አያውቅም።» ውቢት እንጨቱን ወረወረችው። «በእናትሽ፣ ባክሽ ተይው። እኔ ነኝ ዝጊው ያልኩሽ፤ እኔንም ልታስገቢኝ ነው።»

ሰገነት ተወችው። ወይም የተወችው መሰላት።

መርዶው በተሰማ በሳምንቱ መምህር ደሴ መጣ። ሐዘኑን ገልጾ ከተቀመጠ በኋላ ከከረጢቱ የአሰበችን የንባብ መጽሐፍ አወጣ፤ ክፍል ውስጥ ትታው ነበር።

«ወንበርዎን አላስያዝኩም» አለ። «ሲበረቱ ይመለሳሉ ብለን ነው።»

አሰበች መጽሐፉን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ በሁለት እጇ መልሳ ዘረጋችለት። «ይቅርብኝ፣ መምህር። እኔ ሳላውቅ እኖር ነበር፤ ምንም አልጎደለብኝም። ትንሽ ዐወቅሁ ብዬ እህቴን በላኋት።»

«እንዲህ አይበሉ፣ እትዬ አሰበች። ከክፍሉ እንደ እርስዎ የሚያነብ የለም እኮ። ፊደል ሲዘሉ እኔ አላየሁም።»

«ልጄ አይታለች» አለች አሰበች።

ሰገነት ቆሎ ይዛ ቆማ ነበር። መምህር ደሴ ወደ እሷ ቀና አለ። ሊጠይቃት ያሰበ መሰለ። እሷ ግን ቆሎውን ፊቱ አስቀምጣ ወጣች።

መምህሩ ከሄደ በኋላ እናቷ ጠራቻት። ስልኩን ዘረጋችላት። «ወደ ዓረብኛው መልሺው።»

«ለምን፣ እማ?»

«ላነበው የማልችለው ይሁን። ያኔ አልነካም።»

ሰገነት ስልኩን ተቀበለች። እናቷ ዓይኗን ከእጇ ላይ አልነቀለችም። ሁለት ጊዜ ነካች፤ ሦስተኛውን ስትነካ አማርኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄደው ጽሑፍ መጣ። አሰበች አየችው፤ እፎይ አለች። ሰገነት ግን ያን ሌሊት ቅዳሜ ከሰዓትን ከራሷ ልታርቀው አልቻለችም። ዕለት ዕለት እናቷ ከሱቅ በር ፊት ስታልፍ አንገቷን ደፍታ እንደምታልፍ አየች። ባጃጅ ሲመጣ ፊቷን ታዞራለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሴቶቹ ለአሥራ ሁለቱ ተሰብስበው ሳለ፣ ኩብራ ከገዳሪፍ መጣች።

ረጅም ናት፤ ሰማያዊ ቶብ ተከናንባለች፤ ትልቅ ሻንጣ ይዛለች። ማን እንደሆነች ሳይነግሯት አሰበች አወቀቻት፤ ዓርብ ዓርብ ከጸዳለ ትከሻ ጀርባ ብቅ ትል ነበር። ተቃቅፈው አለቀሱ። ኩብራ አማርኛ የተማረችው ከጸዳለ ስለሆነ ስትናገር የጸዳለ ቃና አለባት። ይህ ለአሰበች ከሁሉ የባሰ ሆነ። ኩብራ ሻንጣውን ከፈተችላት፤ የጸዳለ ነጠላ፣ የጸዳለ ጫማ፣ የሻይ ብርጭቆዎቿ ናቸው።

«ተጨንቃ ነበር?» አለች አሰበች። «ንገሪኝ። ተቀይማኝ ነው የሞተች?»

«ላ፣ ላ! ምን ትቀየማለች?» ኩብራ እንባዋን በቶቧ ጫፍ ጠረገች። «እኔ ነኝ የተቆጣሁ። ደወልሁ፣ ደወልሁ፣ ስልኩን ልሰብረው ነበር። እሷ 'ተይ' አለችኝ። 'አሰቡ አሁን ክፍል ውስጥ ናት፤ መምህር ፊት ስልክ አይነሳም። ስትወጣ ታየዋለች' አለችኝ። ማታም ደወልሁ። 'ደብተሯን ይዛ ይሆናል፤ አትረብሻት' አለች። ሳቀች። ወላሂ፣ በዚያ ትኩሳት ሳቀች።» ከዚያ ኩብራ የአሰበችን እጅ ያዘች። ለአሥራ ሁለት ቀን አገሬው ሁሉ ከአፉ ያላወጣውን ጥያቄ አወጣችው። «ግን ምነው፣ ኡኽቲ፣ እህቴ? ምነው አላነሳሽ?»

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። መልሱን ያውቁታል።

«እኔ...» አለች አሰበች። «ማንበብ ሳልችል የቻልሁ መስሎኝ...»

ሰገነት ለእንግዳዋ ውሃ ይዛ በር ላይ ደርሳ ነበር። የእናቷን ፊት አየች። እነዚያን ቃላት ስትል ትንሽ ትንሽ እየሆነች የምትሄድ ትመስላለች። እናቷ ያንኑ ለዚህች ሴትዮም ትነግራታለች። ኩብራ ገዳሪፍ ተመልሳ፣ ጸዳለን ለሚያውቁ ሁሉ ትነግራለች። ያላነሳችው እህቷ ማንበብ ስላልቻለች ነው ብላ፤ ዶክተር ትሆናለች ያለቻት እህቷ።

«ማንበብ ችላ ነበር» አለች ሰገነት።

ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። ሁሉም ወደ በሩ ዞረ።

«እማ ልክ ነበርሽ። 'ታ' አልነበረችም። አንቺ ያነበብሽው የተጻፈውን ነው። እይልኝ አልሽኝ፤ አላየሁልሽም። ሳላይ ነው አለች ያልኩሽ።»

«ልጅ ናት፤ ከሐዘኑ ብዛት ነው...» አለች ከሴቶቹ አንዷ። አሰበች እጇን አንሥታ አስቆመቻት።

«መቼ አወቅሽ?» አለች።

«ወንድዬ ስልኩን ሲከፍተው።»

«የመርዶው ዕለት?»

«አዎ።»

አሰበች ልጇን አየቻት። ቁጣ አልነበረም ዓይኗ ውስጥ፤ ቁጣ ቢሆን ሰገነት ታውቀው ነበር።  ሴቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወደ ውጭ ወጡ። ኩብራ ብቻ ቀረች፤ አንዴ እናቲቱን፣ አንዴ ልጅቷን ታያለች።

«ታ ማን ናት?» አለች። «ታ የምትሉዋት ሴትዮ ማን ናት?»

ሰገነት ወደ በሩ ዞር አለች። በሩ ክፍት ነው። ከሴቶቹ ጋር መውጣት ይቻል ነበር፤ ጀሪካኑም እዚያው ደጅ አለ።

«ንገሪያት» አለች አሰበች። ድምፅዋ ደክሟል። «ከመጀመሪያው ንገሪያት። እኔም ልስማው።»

እናቷ አጠገቧ ቦታ አልለቀቀችላትም፤ እጇንም አልዘረጋችላትም። ሰገነት ውሃውን ለእንግዳዋ ሰጠች። ከዚያ ምንጣፉ ላይ፣ ሁለቱም ፊቷን ከሚያዩበት ቦታ፣ እግሯን አጥፋ ተቀመጠችና መናገር ጀመረች።